አጎቴ የሞተበት ቀን ጠፋን፤ ባክቴሪያ ቀን ይቆጥራል የሚባለው እውነት ነው?

ጦሳ ሥር · ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም የወሎ ልጆች። ረዘም ያለ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ኩታበር ገጠሩ ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ልጁ ደሴ ግባ ብትለው «ላሜን ለማን ትቼ» እያለ እምቢ አላት። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ለጎረቤቱ «ሰሞኑን ደሴ ልጄ ዘንድ ደርሼ እመጣለሁ፣ ላሚቱን እያያችሁ» አለ። ጎረቤት ደሴ ነው ብሎ ተቀመጠ፣ ልጁ ቤቱ ነው ብላ ተቀመጠች። ስልኩ ዝግ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ዝግ ስለሚሆን ማንም አልደነገጠም። በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ በሩ ተገፍቶ ሲከፈት አልጋው ላይ ነበር። ጋቢውን እንደተከናነበ።

ሐኪሙ አይቶ «ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ይሆነዋል» አለ። ለፖሊስ በቂ ነበር፤ የተጠረጠረ ሰው የለም። ለእኛ ግን አልበቃም። ተዝካሩ ከየትኛው ቀን ይቆጠር? እናቴ እሑድ ነው ትላለች፣ ቅዳሜ ማታ ደውሎ ደረቴን ወጋኝ ብሏታል። ልጁ ማክሰኞ ነው ትላለች፣ ማክሰኞ ሌሊት በሕልሟ መጥቶ ውሃ ጠይቋታል። ጎረቤቱ ረቡዕ ጭስ አይቻለሁ አለና ቆይቶ ደግሞ ማክሰኞ ይሆናል አለ። የንስሐ አባቱ «ቀኑን ንገሩኝ፣ አርባውን እኔ እቆጥራለሁ» ብለው ዝም።

ሰሞኑን ሬሳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰውየው መቼ እንደሞተ ይናገራሉ የሚል ነገር አነበብኩ። የምታውቁ ካላችሁ፦ ያን ዕለት አንድ ሰው ናሙና ወስዶ ቢሆን ኖሮ ቀኑን እናውቀው ነበር?

ቦርከና ማዶ · ሰኞ ማታ 2፡31

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ባክቴሪያ ቀን የሚቆጥር ከሆነ የእኔን ካልሲ ያየ ሰው ደመወዝ ከወጣ ስንት ቀን እንደሆነው ይነግረኛል።

(ይቅርታ፣ ለቅሶ ላይ መቀለድ የወሎ በሽታ ነው።)

ላብ ኮት · ሰኞ ማታ 3፡45

ነፍስ ይማር። ወልድያ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሥራዬ ደምና ሽንት ነው፣ ሬሳ አልመረምርም፤ ይህን ጉዳይ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ እከታተለዋለሁ። ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ሰው ሲሞት አብሮት የማይሞት ብዙ ነው። በሕይወት ሳለን አንጀታችን ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አጥሮ የያዘው የሰውነታችን መከላከያ ነው። ልብ ሲቆም አጥሩ ይፈርሳል። መጀመሪያ የቀረችውን ኦክስጅን የሚጨርሱት ይነሳሉ፤ ስታልቅ ኦክስጅን የማይስማማቸው ይረከባሉ። ከእነዚህ ውስጥ ክሎስትሪዲየም የሚባለው ወገን ኃይለኛ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ ከተመቸው በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ሆድ የሚነፋው በእነዚህ ጋዝ ነው። አስተውለህ ከሆነ መጀመሪያ አረንጓዴ የሚሆነው የሆድ ቀኝ ታችኛው በኩል ነው፤ ትልቁ አንጀት የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ለቆዳም ቅርብ ነው። ድኝ ያለበት ጋዝ ከደም ጋር ሲዋሃድ ያን ቀለም ያመጣል። ቆይቶ ሆድ ሲቀደድ አየር ይገባል፣ ዝንብና ትል የራሳቸውን ባክቴሪያ ይዘው ይመጣሉ፣ ፈንገስም ይከተላል። ሬሳው መሬት ላይ ከሆነ ፈሳሹ ወርዶ አፈሩን በአሞኒያ ይሞላዋል፤ አፈሩ ውስጥ የነበረውም የባክቴሪያ ማኅበር ይገለበጣል።

ቁም ነገሩ ተራው ነው። ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን ተከተለ፣ ማን ለማን ለቀቀ። ተራው ከሬሳ ሬሳ የሚመሳሰል ከሆነ፣ አሁን ማን እንዳለ አይቶ ስንተኛው ቀን ላይ እንዳለን መገመት ይቻላል።

ዛሬ ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለችው ጄሲካ ሜትካፍ እና ሮብ ናይት ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አይጥ ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2013 አወጡት። የሞቱ አይጦችን አፈር ላይ አድርገው 48 ቀን ተከታተሉ፤ ግምታቸው በአማካይ ወደ 3 ቀን ገደማ ነበር የሚስተው። በ2016 ደግሞ ለሳይንስ የተሰጡ የሰው አስከሬኖችን ቴክሳስ ላይ ጨመሩበት። ትልቁ የ2024ቱ ነው፦ 36 አስከሬን፣ ሦስት ቦታ (ቴነሲ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶ)፣ በአራቱም ወቅት፣ በየቀኑ ናሙና እስከ 21 ቀን። ሥራው እንዲህ ነው፦ ጥጥ ፊትና ዳሌ ላይ ያስነካሉ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር ይዘግናሉ፣ ዲኤንኤውን አውጥተው የትኛው ባክቴሪያ ምን ያህል እንዳለ ያነባሉ። ከዚያ የሞቱበት ቀን በታወቀ ሬሳዎች የሠለጠነ የኮምፒውተር ሞዴል ይገምታል። እዚያም ስህተቱ በአማካይ 3 ቀን ገደማ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ የአጎትህን ናሙና ወስደው ቢሆን መልሱ ከሐኪሙ «ከአምስት እስከ ስምንት» ብዙ አይርቅም ነበር። አዝናለሁ።

ጦሳ ሥር · ሰኞ ማታ 4፡02

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ግን ያንን ሁሉ ደክመው ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ ካለው ካልተሻለ ምን ይሠራል?

ላብ ኮት · ሰኞ ማታ 4፡20

ጥሩ ጥያቄ። የድሮዎቹ መለኪያዎች ቶሎ ያልቃሉ። የሰውነት መቀዝቀዝ የመጀመሪያውን ቀን ያህል ነው የሚረዳው። የሬሳ መገተር በጥቂት ሰዓት ይጀምራል፣ ግማሽ ቀን ገደማ ላይ ይጠነክራል፣ በሁለተኛው ቀን አካባቢ ይላላል። ከዚያ በኋላ የሐኪም ዓይን ልምድ ብቻ ነው፤ በዘጠነኛው ቀን እድል ሆኖ ገጥሞለታል እንጂ በሃያኛው ቢሆን «ከሁለት ሳምንት እስከ ወር» ይልህ ነበር። ባክቴሪያ የሚጠቅመው እዚያ ነው። ሌላው፣ ዝንብ ያልገባበት ዝግ ክፍል ውስጥም ባክቴሪያ አይቀርም፤ ሰውየው ይዞት ነው የሄደው።

ባቲ ሰኞ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ነፍስ ይማር። እኔ ቆዳ ነጋዴ ነኝ፣ ዲኤንኤ አላውቅም። ግን ይኼ ነገር የእኛ ሥራ ነው።

ባቲ ገበያ ሰኞ የሚመጣልኝን የፍየል ቆዳ ሁሉ «ዛሬ የታረደ ነው» እያሉ ነው የሚያመጡት። አልከራከርም። የሆዱን ጎን ገልብጬ ፀጉሩን በሁለት ጣት እስባለሁ። እሺ ብሎ እፍኝ ሙሉ ከወጣ፣ ቢምሉም አላምንም፤ ጨው ሳይነካው አድሯል። ሁልጊዜ ሆዱና ብብቱ ነው ቀድሞ የሚለቀው፣ ጀርባው ኋላ ነው። ጠረኑም ተራ አለው፣ መጀመሪያ የደም፣ ቀጥሎ ጎምዛዛ፣ ከዚያ አፍንጫ የሚበሳ፣ ሽንት ቤት ሽንት ቤት የሚል።

አሁን ልብ በሉ። ያው ቆዳ ከኩታበር ቢመጣ በሁለተኛው ቀን ፀጉሩን አይለቅም። ባቲ ግን በሚያዝያ ወር ጠዋት የታረደ ማታ እጄ ላይ ይላጣል። እና እነዚያ ፈረንጆች በቴነሲ ሙቀት የቆጠሩትን እኛ ላይ እንዴት ነው የሚያውሉት?

ላብ ኮት · ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

ጋሼ ባቲ፣ እርስዎ ፕሮፌሰር ነዎት። የፀጉሩ መላቀቅ ራሱ የባክቴሪያ ሥራ ነው፣ ጠረኑም ያሉት የአሞኒያው ነው።

ስለ ሙቀቱ የያዙት ነጥብ ዋናው ነው። ሳይንቲስቶቹ ቀን ብቻ አይቆጥሩም፤ የየቀኑን አማካይ ሙቀት ይደምሩታል። ለምሳሌ 15 ዲግሪ በሆነ ቦታ 10 ቀን ማለት 150 ነው። 25 ዲግሪ በሆነ ቦታ 150 የሚሞላው በ6 ቀን ነው። ስለዚህ ኩታበር ላይ አሥር ቀን የሆነው ሬሳ ቆላ ላይ ስድስት ቀን የሆነውን ይመስላል። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ከዚያ ባቲ አለ፣ ከባቲ ወዲያ አፋር። አንድ ሞዴል ለሁሉም አይሆንም፤ ቢያንስ የቦታውን ሙቀት መመገብ ያስፈልጋል።

የ2024ቱ ጥናት ያስገረመኝ ግን ሌላው ነው። ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ዋናዎቹ አፍራሾች 20 ገደማ የሚሆኑ ያው ነበሩ፣ በደረቁ ኮሎራዶም በርጥቡ ቴነሲም። ኢግናትሽኔሪያ የሚባለው አንዱ ነው፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራ አፈር ውስጥ ብዙ አይገኙም። ነፍሳት ከሬሳ ሬሳ እያመላለሷቸው ነው ተብሎ ይታሰባል።

ጦሳ ሥር · ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

ይኼ እኮ ሊጥ ነው! ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በሁለት ቀን የምትጋግረውን ጤፍ እናቴ ደሴ ሦስት ቀን ትጠብቀዋለች፤ ክረምት ከሆነ አራተኛም ይጨመራል።

ላብ ኮት · ማክሰኞ ጠዋት 3፡22

ልክ ነህ፣ ከሙቀቱም አልፎ ነው። ሊጥም ተራ አለው። ጤፍ ሲቦካ መጀመሪያ የሚነሱት የአንጀት ባክቴሪያ ዘመድ የሆኑ ጋዝ ሠሪዎች ናቸው። ቀጥሎ ላክቲክ አሲድ ሠሪዎቹ ይመጡና ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱ ቀዳሚዎቹን ያስወጣቸዋል። ይስቶቹ ኋላ ይበዛሉ። አብሲት የሚጣልበትን ሰዓት እናትህ በጠረኑ ታውቀዋለች አይደል? እነ ሜትካፍ የገነቡት ያንን አፍንጫ ነው።

ቦርከና ማዶ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

ከእንግዲህ እንጀራ አልበላም።

ሰላም ለሁሉ · ማክሰኞ ቀን 6፡50

ይቅርታ፣ ግን ሬሳን ጥጥ እያስነኩ፣ አውላላ ሜዳ ላይ አስተኝተው እየበሰበሰ መቁጠር ምን የሚሉት እውቀት ነው? እኛ ሬሳ የምናከብር ሕዝብ ነን። ቅሬው በሰዓታት ውስጥ ተሰብስቦ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ቆፍሮ፣ አፈር አልብሶ ነው የሚመለስ። የሞተን አጥንት መስበር የሕያውን እንደ መስበር ነው ተብለን ነው ያደግን።

ሐይቅ ዳር · ማክሰኞ ቀን 7፡25

ወንድሜ ሐዲሱን አከብራለሁ፣ ግን እዚህ የሚሰበር አጥንት የለም። ከፊት ላይ ጥጥ አሳርፎ ማንሳት ነው። ሬሳ ከመክፈት ይሻላል ባይ ነኝ።

ደግሞ ቀኑን ማወቅ ለእኛም ጉዳይ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳዋ (ሳታገባ የምትጠብቀው ጊዜ) 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ የሚቆጠረው ባል ከሞተበት ቀን ነው እንጂ ወሬው ከደረሰበት ቀን አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበር፣ ወደ ሚሌ መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መቼ እንደሞተ አይታወቅም፣ ሙቀቱ ደግሞ ሰውነቱን እንዳይሆን አድርጎታል። ሼኾቹ ለጥንቃቄ ብለው የተገኘበትን ቀን አስያዟት። ቀኑ ቢታወቅ ልቧ ያርፍ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ላብ ኮት እህቴ፣ አንድ ጥያቄ። እኛ ሬሳ አጥበን ነው የምንከፍነው፤ እናንተም ትገንዛላችሁ። ከታጠበ በኋላ ምን ጥጥ ይነካል?

ላብ ኮት · ማክሰኞ ቀን 8፡10

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ አሳሰበኝ። ቆዳው በደንብ ከታጠበ የላዩ ማኅበር ተዛብቷል፣ ግምቱ አይታመንም። ናሙና ከትጥበት በፊት መወሰድ አለበት። የውስጥ አካል ግን አይታጠብም። አላባማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለችው ጉልናዝ ጃቫን እና ባልደረቦቿ የሠሩት በዚያ በኩል ነው። በ2016 ባወጡት ሥራ የ27 ሰዎችን ጉበት፣ ልብ፣ አንጎል እና ሌላም አካል አይተዋል፤ ከሞቱ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 240 ሰዓት የሆናቸው። ጤነኛ ሰው ውስጥ ባክቴሪያ የለበትም የሚባለው ቦታ ሁሉ ክሎስትሪዲየም ገብቶበታል። ይህ ግን አካል መክፈት ይፈልጋል፣ ወደ ሰላም ለሁሉ ቅሬታ ይመልሰናል።

በቆላው ላይ ደግሞ ልክ ነህ። አየሩ ራሱ 37 ዲግሪ ከደረሰ ሬሳ አይቀዘቅዝም። የሙቀት መለኪያው ዘዴ እዚያ አፉን ይዘጋል።

ጥቁር ካባ · ማክሰኞ ማታ 1፡40

ጠበቃ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። ከውይይቱ የጎደለ አንድ ነገር አለ። «3 ቀን ይስታል» ስትሉ አማካይ ነው። አማካይ ማለት አንዱን በግማሽ ቀን፣ ሌላውን በስድስት ቀን ሊስት ይችላል ማለት ነው። እኔ ተከሳሽ ይዤ ዳኛ ፊት ብቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ሞዴል በስንት የደጋ ሬሳ ነው የሠለጠነ? በ2,500 ሜትር ላይ? ጋቢ ለብሶ፣ በጭቃ ቤት ውስጥ? መልሱ «በአንድም» ከሆነ ባለሙያው አመስግኖ ይወርዳል።

ግን አልጠላሁትም። ክርክር ቤት ውስጥ ትክክለኛው ሰዓት ሁልጊዜ አያስፈልግም። ደንበኛዬ ከመስከረም 20 ወዲህ ሱዳን ነበር እንበል። ግምቱ «ከ25 በፊት ሊሆን አይችልም» ቢለኝ፣ ሳምንት ሙሉ ቢሰፋም ደንበኛዬ ነጻ ነው። ወሰኑ ይበቃኛል።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ማታ 2፡55

ነፍሱን በገነት ያኑረው። ልጆች፣ እኔ በምርመራ ፖሊስነት ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፣ አሁን ቤት ነኝ።

በእኛ ጊዜ የተጠረጠረ ሬሳ ሲገኝ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር የሚላክ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር። በጭነት መኪና፣ በበርበሬና በጤፍ መሀል የሄደ ሬሳ አውቃለሁ። ደጋ ሞቶ፣ ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ሲቀቀል ውሎ፣ ደብረ ብርሃን ብርድ አድሮ ይገባል። የላብ ኮት ልጄ፣ ያንን የሙቀት ድምርሽን በዚያ ላይ ደምሪልኝ እስቲ።

ስለዚህ ሬሳውን ከማየቴ በፊት ቤቱን ነበር የማየው። ጦሳ ሥር ልጄ፣ ሦስት ጥያቄ አለኝ። ምድጃው ውስጥ የነበረው ቀዝቃዛ አመድ ነው ወይስ የተዳፈነ ፍም ነበረበት? ላሚቱ ጡቷ ምን ይመስል ነበር? ሞሰቡ ውስጥ ያለው እንጀራ ምን ያህል ሻግቶ ነበር?

ጦሳ ሥር · ማክሰኞ ማታ 3፡10

ጋሼ፣ እግዜር ያሳይዎ፣ ሞሰቡን ማንም አላየው። ሴቶቹ ለለቅሶ ቤቱን ሲያጸዱ ጣሉት መሰለኝ። ላሚቱን ጎረቤት ከእሑድ ጀምሮ ሲያልባት ስለነበር ከእሷ ምንም አይገኝም። አክስቴን ልጠይቃት።

የላስታ · ማክሰኞ ማታ 4፡30

እኔ ከሌላ በኩል ልግባ። ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዳችሁ የምታውቁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዋሻው ውስጥ የተደረደሩትን አይታችኋል። ስንት ዘመን የቆየ ሬሳ ቆዳው አጥንቱ ላይ ደርቆ፣ አንዳንዱ ከነከፈኑ። የመጡት ለመሞት የመጡ ምዕመናን ናቸው ይባላል። ልጅ ሆኜ አባቴን «ለምን አልበሰበሱም» ብዬ ስጠይቀው «ቅዱስ ቦታ ነው» አለኝ። ላብ ኮት ምን ትላለች?

ላብ ኮት · ማክሰኞ ማታ 4፡44

ከአባትህ ጋር አልጣላም። በእኔ ቋንቋ ደግሞ ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይሠራም። ቋንጣ የማይበላሸው ለዚህ ነው፣ ጋሼ ባቲ ቆዳ ላይ ጨው የሚነሰንሱት ለዚህ ነው። ዋሻው ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፣ ዝናብ አይገባበትም። ሬሳው ባክቴሪያው ሳይጨርሰው ከደረቀ ሰዓቱ ቆመ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተሕዋስያን ሞዴል ስንት ቀን ነው ብትለው ይሳሳታል። ፍሪጅም እንዲሁ ነው፤ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ በአግባቡ አይቆጠርም።

ውሃና ቀብርም ይለያያሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካስፐር የሚባል የበርሊን ሐኪም፣ አየር ላይ አንድ ሳምንት የሆነው ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ አፈር ውስጥ ስምንት ሳምንት ይፈጃል ብሎ ነበር። ሻካራ ሒሳብ ነው፣ ግን እስካሁን ይጠቀሳል።

ጦሳ ሥር · ረቡዕ ጠዋት 2፡20

ጋሼ ጡረተኛው፣ ቤት አልተኛንም።

ሞሰቡን ያጸዳችው አክስቴ ናት። ደወልኩ። «ሁለት እንጀራ ነበረበት፣ ላዩ ላይ ነጩም አረንጓዴውም ወጥቶበት፣ ከሥር እርጥብ ሆኖ» አለች። ቀጥዬ ለጎረቤቱ ሚስት ደወልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ስትጋግር አራት እንጀራ ልካለት ነበር፤ ሌላ ያቀበለው ሰው የለም። አጎቴ ደግሞ በቀን ከአንድ አይበላም፣ እሷንም ለሁለት ነው የሚከፍላት። አራት ሲቀነስ ሁለት። እሑድ አንድ፣ ሰኞ አንድ።

እናቴ ስትሰማ አለቀሰች፣ ቅዳሜ ማታ ደረቴን ሲላት ሳልሄድ ቀረሁ ብላ እሑድን ይዛ ስትጸጸት ነበርና። ልጁ ሰኞ ሌሊትና ማክሰኞ ሌሊት ያው ናቸው አለች። ተስማማን፤ ሰኞ ተባለ። የንስሐ አባቱም «አንድ ቀን ቢዛነፍ ጸሎት መንገድ አይስትም» ብለው መዘገቡት።

ጥቁር ካባ · ረቡዕ ጠዋት 2፡35

ደረቱን እያመመው የምግብ ፍላጎት እንዳልነበረው ማን አወቀ? ግማሽ ግማሽ በልቶ እስከ ረቡዕ ቢደርስስ? ጭሱስ?

ይቅርታ፣ ሙያ ነው። ሰኞ ጥሩ ቀን ነው።

ጡረተኛው · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ጠበቃው ትክክል ነው። በፍርድ ቤት አይቆምም። ለተዝካር ይቆማል።

ላብ ኮት · ረቡዕ ጠዋት 3፡15

ሻጋታም እኮ ተሕዋስ ነው! የጠየቅከውን አገኘህ ማለት ነው፣ ከሬሳው ሳይሆን ከሞሰቡ። የሻጋታውን ቀለምና ስፋት ፎቶ ያነሳ ሰው ቢኖር፣ የቤቱንም ሙቀት፣ ደህና ግምት ይወጣ ነበር። ጭሱን በተመለከተ፦ ከነደደ ክፍሉ ሞቋል፣ ክፍሉ ከሞቀ ሬሳው ከኩታበር ብርድ ቀድሞ ይሄዳል። ሐኪሙ ያንን አያውቅም ነበር።

ጦሳ ሥር · ረቡዕ ጠዋት 3፡28

አንድ ነገር እናድርግ። ዛሬ ጤፍ ገዝቼ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንድ ዓይነት ዱቄት፣ አንድ ዓይነት እርሾ፣ በአንድ ሰዓት ይቦካል። አንዱ ደሴ እናቴ ዘንድ፣ አንዱ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ። ላዩ ላይ ቢጫው ውሃ ያቆረበትን ሰዓት ሁለቱም ይነግሩኛል። በስንት ሰዓት እንደሚለያዩ ከወዲሁ ገምቱ።

ባቲ ሰኞ · ረቡዕ ጠዋት 3፡50

ኮምቦልቻ ከግማሽ ቀን በላይ ይቀድማል። አንድ ፍየል እይዛለሁ።

ቦርከና ማዶ · ረቡዕ ጠዋት 3፡52

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝና አንድ ቀን ሙሉ እንቀድማለን። ፍየል የለኝም፣ ካልሲ አለኝ።

ላብ ኮት · ረቡዕ ጠዋት 4፡05

ቴርሞሜትር ያለው ሰው ያስቀምጥ። ያለበለዚያ ሊጥ አየን እንጂ ምንም አልለካንም።

ጦሳ ሥር · ዓርብ ማታ 1፡30

ውጤት።

ኮምቦልቻ፦ ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አቆረ።
ደሴ፦ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ አቆረ።

አዎ፣ ደሴ ቀደመ። ከግማሽ ቀን በላይ፣ በ13 ሰዓት።

ባቲ ሰኞ · ዓርብ ማታ 1፡34

አይሆንም። ወላሂ አይሆንም።

ላብ ኮት · ዓርብ ማታ 1፡41

ዕቃው የት ነበር የተቀመጠው?

ጦሳ ሥር · ዓርብ ማታ 1፡55

ደወልኩላት። ረቡዕ ማታ ብርዱ ሲበረታ አሳዝኗት ምድጃ ጥግ አስጠግታ፣ የአጎቴን ጋቢ አልብሳዋለች።

ላብ ኮት · ዓርብ ማታ 1፡58

ምድጃ ጥግ ስንት ዲግሪ ነበር?

ጦሳ ሥር · ዓርብ ማታ 2፡03

እሱን ጠይቄያት «ቁምነገር አጣህ፣ ና ብላ» አለችኝ። አሁን እየጋገረች ነው።